ፕሮግራም ቆሞ እንዳይጠብቅ፤ ስለ ሊብዩቪ አሠራር



በኮምፒዩተር ትምህርት ዘርፍ የምንሠለጥን እጩ መምህራን ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ አባባል አለ። «አሲንክሮነስ ማለት ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ መሥራት ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን ያፈጥነዋል» ይባላል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ነገ ተመድበን ከተማሪ ፊት ስንቆም ይህንኑ ይዘን ከሄድን ሃምሳ ልጅ ስሕተቱን በደብተሩ ገልብጦ ይቀራል። አንዴ ደብተር ላይ የሰፈረ ስሕተት ለማረም ምን ያህል እንደሚያስቸግር መምህሮቻችን ያውቁታል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት እንዲመች አንድ በሥራ ላይ ያለ ነገር መርጬ ላስረዳ እሞክራለሁ። ይኸውም ሊብዩቪ የተባለው ላይብረሪ ነው።

ላይብረሪ ስንል እዚህ ላይ መጻሕፍት የሚደረደሩበትን ቤት ማለታችን አይደለም። በፕሮግራም ሥራ ላይብረሪ የሚባለው ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ ተጽፎ የተዘጋጀ የኮድ ክምችት ነው። ሊብዩቪ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ ማንም ሰው ኮዱን አውርዶ ሊያነበው ይችላል። ሥራው ግቤትንና ውጤትን፣ ማለትም ከኔትዎርክና ከዲስክ መረጃ ማስገባትንና ማስወጣትን፣ ፕሮግራሙ ቆሞ ሳይጠብቅ እንዲካሄድ ማድረግ ነው። በሊኑክስም ሆነ በዊንዶውስ ወይም በማክ ላይ ለፕሮግራም ጸሐፊው አንድ ዓይነት መልክ አለው። ይህ የመጨረሻው ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ዋናው ችግር ያለው ግን እዚያው ላይ ነው።

ለመሆኑ መጠበቅ ምን ያህል ነው?

አንድ ጊጋኸርዝ የሆነ ፕሮሰሰር በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። አንዱ ምት አንድ ናኖሴኮንድ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከሰው ሐሳብ ውጭ ስለሆነ ለማነጻጸር እንዲያመች አንዱን ምት አንድ ሴኮንድ አድርገን እናጉላው። ታዲያ ፕሮሰሰሩ ከማኅደረ ትውስታ አንድ ነገር ለማምጣት የሚወስድበት 100 ናኖሴኮንድ ያህል፣ በጎላው ሰዓት አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ይሆናል። ይህ ደኅና ነው፤ ሰው ይታገሠዋል። የሚሽከረከር ዲስክ አንድ መረጃ ፈልጎ ለማግኘት የሚፈጅበት 10 ሚሊሴኮንድ ያህል ግን 115 ቀን ይሆናል። ከሌላ አህጉር በኔትዎርክ የሚመጣ መልስ 100 ሚሊሴኮንድ ቢወስድ ደግሞ በጎላው ሰዓት ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ደብዳቤ ልኮ መልሱ እስኪመጣ ሦስት ዓመት በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ሌላ ምንም ባይሠራ፣ ምን እንላለን? ተራው ፕሮግራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «አንብብ» የሚል ትእዛዝ ይሰጥና መልሱ እስኪመጣ ድረስ ወደሚቀጥለው መስመር አይሻገርም።

ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ከሆነ ጉዳት የለውም። ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ሰርቨር ሲሆን ግን ይከብዳል። የድሮው መፍትሔ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ትሬድ መመደብ ነበር። ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይሠራል። እስከ መቶና ሁለት መቶ ደንበኛ ይህ ያስኬዳል። ነገር ግን እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ቦታ ይፈልጋል። በዊንዶውስ ላይ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ለአንድ ትሬድ አንድ ሜጋባይት ይያዝለታል፤ ለአሥር ሺህ ደንበኛ አሥር ጊጋባይት ያህል ሊያዝ ነው ማለት ነው። የተያዘው ሁሉ በእውነት ሥራ ላይ ባይውልም ቅሉ፣ ማሽኑ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲዘል የሚያባክነው ጊዜ ሲጨመርበት ነገሩ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳን ኬግል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህንኑ ጥያቄ «አሥር ሺህ ደንበኛ ባንድ ማሽን እንዴት ይስተናገዳል?» በሚል መልክ አቅርቦት ነበርና ጥያቄው በዚያው ስም ታወቀ።

ሁለት ዓይነት ወፍጮ ቤት

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ፕሮግራሙ በር ላይ ቆሞ መጠበቁን ከተወ፣ ነገሩ ሲደርስ እንዴት ያውቃል? ሊነግረው የሚችለው ማሽኑን የሚያስተዳድረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ደግሞ የሚናገሩበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱንም ወፍጮ ቤት ሄዶ ያስፈጨ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል።

በአንደኛው ወፍጮ ቤት ባለወፍጮው «ተራሽ ደርሷል!» ብሎ ይጣራል። የተጠራችው ሴት እህሏን ተሸክማ መጥታ ራሷ ገልብጣ ታስፈጫለች። በሁለተኛው ወፍጮ ቤት ግን ጆንያዋን ስሟን አስጽፋበት ትታ ወደ ገበያዋ ትሄዳለች፤ ባለወፍጮው ራሱ ይፈጭና «ዱቄትሽ አልቋል፣ ውሰጂ!» ይላታል። ሁለቱም ጥሪ ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥሪ «ሥራው ሊጀመር ይችላል» ሲል፣ ሁለተኛው «ሥራው ተፈጽሟል» ይላል።

የዩኒክስ ዘር የሆኑት ሲስተሞች የመጀመሪያውን መንገድ ይዘው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1983 በበርክሊ ዩኒክስ ላይ የወጣው ሰሌክት የተባለው ትእዛዝ የመጀመሪያው የታወቀ መሣሪያ ነበር፤ ችግሩ ግን በተጠራ ቁጥር የደንበኞቹን ዝርዝር በሙሉ እንደ አዲስ ማቅረብ ይጠይቃል። ልክ ባለወፍጮው በየጊዜው ሁሉንም ሰው «አንቺ ነሽ? አንቺ ነሽ?» እያለ እንደሚዞር ነው። በኋላ በፍሪቢኤስዲ ኬኪው እ.ኤ.አ. በ2000፣ በሊኑክስ ደግሞ ኢፖል እ.ኤ.አ. በ2002 ወጡና ዝርዝሩ አንዴ ከተመዘገበ የደረሰውን ብቻ የሚናገሩ ሆኑ። ማክም ኬኪውን ይጠቀማል። ዊንዶውስ ግን ሁለተኛውን መንገድ ነው የመረጠው። አይኦሲፒ የሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ከኤንቲ 3.5 ጋር የወጣ ሲሆን፣ ጥሪው የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የጆንያው ነገር አለ። በመጀመሪያው ወፍጮ ቤት ሴትዮዋ እስክትጠራ ጆንያዋ በእጇ ነው፤ ብትፈልግ ሌላ ነገር ትይዝበታለች። በሁለተኛው ግን ጆንያው ከመጀመሪያ ጀምሮ ወፍጮ ቤት ይቀመጣል። እስኪያልቅ ድረስ ወስዳ ሽንኩርት ልትከትበት አትችልም! በፕሮግራም ቋንቋ ሲነገር፣ መረጃው የሚገባበት የማኅደረ ትውስታ ቦታ በዊንዶውስ መንገድ አስቀድሞ መሰጠትና እስከ ፍጻሜው ሳይነካ መቆየት አለበት። ይህን የዘነጋ ፕሮግራም ጸሐፊ መረጃው ተደባልቆ ያገኘዋል።

ላይብረሪው እንዴት ተወለደ?

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ራየን ዳል የተባለ ወጣት ፕሮግራመር በበርሊን በተደረገ የጃቫስክሪፕት ጉባኤ ላይ ኖድን አቀረበ። ኖድ ጃቫስክሪፕትን ከአሳሽ አውጥቶ በሰርቨር ላይ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። በዚያን ጊዜ ጥሪ የመቀበሉን ሥራ የሚሠራለት በማርክ ሌማን የተጻፈ ሊብኢቪ የሚባል ሌላ ላይብረሪ ነበር። ሊብኢቪ ጥሩ ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን የተሠራው ለመጀመሪያው ወፍጮ ቤት ነው። በዊንዶውስ ላይ የነበረው መንገድ ያንኑ አሮጌውን ሰሌክት መጠቀም ብቻ ሲሆን፣ ያም በዊንዶውስ ሌላ ካልታዘዘ ባንድ ጊዜ ከ64 ግንኙነት በላይ አይቀበልም። አሥር ሺህ ለሚል ሰው 64 ምኑ ነው?

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 የኖድ ባለቤት የነበረው ጆየንት ኩባንያ ከማይክሮሶፍት ጋር ሆኖ ኖድን ወደ ዊንዶውስ እንደሚያመጣ አስታወቀ። ሊብዩቪ የተወለደው ከዚህ ሥራ ነው። በተለይ በርት ቤልደርና ቤን ኑርዳውስ የሚባሉት ሰዎች ብዙ ደክመውበታል። በመጀመሪያ በዩኒክስ በኩል ሊብኢቪን፣ በዊንዶውስ በኩል አይኦሲፒን የሚሸፍን ልባስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሊብኢቪ ጭራሽ ወጣና ላይብረሪው በራሱ እግር ቆመ። ኖድ 0.6 በዊንዶውስ ላይ በትክክል እየሠራ የወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ነው። ሊብዩቪ ራሱ 1.0 የተባለውን እትም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ምልክቱ ባለ አንድ ቀንድ ዳይኖሰር ነው፤ ፈረንጆቹ ቀልድ ይወዳሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባ ነገር አለ። ሁለቱን ወፍጮ ቤቶች አንድ ለማስመሰል ከሁለቱ ጥሪዎች አንዱን መምረጥ ግድ ነው። የትኛውን? ሊብዩቪ የመረጠው ሁለተኛውን፣ «አልቋል» የሚለውን ነው። ምክንያቱም ከመጀመሪያው ተነሥቶ ሁለተኛውን መሥራት ቀላል ነው። አንድ ተላላኪ ልጅ ወፍጮ ቤት አስቀምጡ፤ «ተራሽ ደርሷል» ሲባል ልጁ እህሉን ራሱ ገልብጦ ያስፈጭና ለእናቱ «አልቋል» ብሎ ይነግራታል። እናትየዋ ባለወፍጮው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አያስፈልጋትም። ሊብዩቪ በሊኑክስ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ኢፖል «ዝግጁ ነው» ሲለው መረጃውን ራሱ ያነብና ለፕሮግራሙ ያነበበውን ያስረክባል። ተገላቢጦሹ፣ ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ማውጣት፣ የማይቻል ባይሆንም አድካሚ ነው። በበኩሌ በዚህ ላይብረሪ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ምርጫ ነው። ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን አንድ አድርግ ሲባል ሰው ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ፈልጎ ሁለቱንም ያበላሻል፤ እነዚህ ግን አንዱን ወስደው ሌላውን ወደ እሱ አመጡት።

አንድ ሰው የሚዞረው ዙር

የሊብዩቪ ልብ ኢቨንት ሉፕ ይባላል፤ እኛ ዙር ብንለው ይገልጸዋል። ፕሮግራሙ አንድ ሥራ ሲያዝዝ አብሮ አንድ ማስታወሻ ይሰጣል፤ «ይህ ሲያልቅ ይህን አድርግ» የሚል። ይህ ማስታወሻ ኮልባክ ይባላል። ዙሩ ሰዓቱን ይመለከታል፤ የደረሰ ቀጠሮ ካለ ያንን ይሠራል፤ ከዚያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን «ያለቀ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ እዚያው ያንቀላፋል፤ የሚያንቀላፋው ግን የሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርስ ብቻ ነው። ጥሪ ሲመጣ ይነቃና የዚያን ጥሪ ኮልባክ ያካሂዳል። ሊዘጉ የታዘዙትን ይዘጋል። ደግሞ ይዞራል። የሚጠበቅ ነገር ጨርሶ ከጠፋ ዙሩ ያበቃል፤ ፕሮግራሙም ይዘጋል። (ጀማሪዎች «ፕሮግራሜ ለምን አይዘጋም?» ብለው የሚጨነቁት ብዙውን ጊዜ የረሱት አንድ ክፍት ቀጠሮ ወይም ክፍት ግንኙነት ስላለ ነው።)

ልብ በሉ! ኮልባኮቹን ሁሉ የሚያካሂደው አንድ ትሬድ ብቻ ነው። ሁለት ኮልባክ ባንድ ጊዜ አይሠራም፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። «ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ» የሚለው አባባል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ባንድ ጊዜ የሚደረገው መጠበቁ ነው። አሥር ሺህ ነገር በአንድ ላይ ይጠበቃል፤ የሚሠራው ግን ተራ በተራ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን በሒሳብ እንየው። አንድ ኮልባክ 50 ሚሊሴኮንድ የሚፈጅ ስሌት አለው እንበል። ይህ ለአንድ ሰው ምንም አይደለም፤ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። መቶ ሰው ባንድ ላይ ቢመጣ ግን የመቶኛው ሰው መልስ የሚደርሰው ከ5 ሴኮንድ በኋላ ነው፤ 50 ሲባዛ በ100 ያው 5,000 ሚሊሴኮንድ ነዋ። ቀጠሮዎችም አብረው ይዘገያሉ። «ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ጥራኝ» የሚለው ትእዛዝ ትርጉሙ «ከአንድ ሴኮንድ ቀድመህ አትጥራኝ» ማለት ነው እንጂ ልክ በሴኮንዱ እጠራለሁ የሚል ዋስትና አይደለም። እንግዲህ አሲንክሮነስ አንድን ሥራ አያፈጥነውም። ዲስኩም በዚያው ፍጥነት ይሽከረከራል፤ ኔትዎርኩም በዚያው ፍጥነት ይደርሳል። የተቀየረው ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ አለመዋሉ ነው።

ሌላ ትሬድ በራሱ እየመጣ ዙሩን መነካካት አይፈቀድለትም። ለዙሩ መልእክት ለመላክ የተፈቀደ አንድ መንገድ አለ፤ እሱም በር እንደ ማንኳኳት ነው። በሩን አምስት ጊዜ ብታንኳኩ ዙሩ አንዴ ብቻ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ በማንኳኳቱ ብዛት የሚቆጥር ፕሮግራም መጻፍ አይገባም።

ፋይል ሲመጣ ግን…

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለኔትዎርክ ነው። ወደ ፋይል ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ኢፖልን «ይህ ፋይል ዝግጁ ሲሆን ንገረኝ» ብትሉት አይቀበላችሁም፤ ስሕተት ብሎ ይመልሳል። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ደግሞ ተራ ፋይል ሁልጊዜ ዝግጁ ነው ይላሉ። በየክፍሉ አንድ ልጅ አይጠፋም፤ ጥያቄው ሳይነበብ እጁን የሚያወጣ። ፋይልም እንደሱ ነው፤ «ዝግጁ ነኝ» ይላችኋል፣ ስታነቡት ግን ዲስኩ እስኪዞር ያስቆማችኋል።

ሊብዩቪ እዚህ ላይ የተጠቀመበት ዘዴ ብልጠት የበዛበት አይደለም። ሠራተኛ ቀጠረ። አራት ትሬዶችን በጎን አስቀምጦ የፋይል ሥራ ሲመጣ ለእነሱ ይሰጣል፤ እነሱ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሲያልቅ ለዙሩ ያስታውቃሉ። ዙሩ ራሱ ሳይቆም ቀጠለ ማለት ነው። አራት የሚለው ቁጥር ሌላ ካልታዘዘ የሚሠራበት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት «ዩቪ ትሬድፑል ሳይዝ» በሚባለው ማዘዣ እስከ 1,024 ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ይህን አራት ቁጥር የማያውቅ ሰው ብዙ ይቸገራል። አራት ኮር ባለው ማሽን ላይ እያንዳንዱ አንድ ሴኮንድ የሚወስድ አምስት ከባድ ሥራ ለእነዚህ ሠራተኞች ብትሰጡ፣ አራቱ በአንድ ሴኮንድ ገደማ አብረው ይደርሳሉ፤ አምስተኛው ግን በሁለት ሴኮንድ ነው። አምስተኛው ሥራ ከሌሎቹ የሚለየው ነገር የለም፤ ወንበር አጥቶ ነው። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። የኔትዎርክ አድራሻን በስም መፈለግ፣ ማለትም የአንድን ሰርቨር ስም ሰጥቶ ቁጥሩን ማግኘት፣ በነዚሁ አራት ሠራተኞች በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በቀድሞዎቹ እትሞች ኔትዎርኩ በተዳከመበት ቀን አራት ስሞች መልስ አጥተው ቢንጠለጠሉ፣ ከኔትዎርክ ጋር ምንም የማያገናኘው፣ እዚያው ዲስኩ ላይ ያለ ፋይል ሳይነበብ ይቀር ነበር፤ በኋላ ግን ስም ፍለጋ ከሠራተኞቹ ግማሹን ብቻ እንዲይዝ ተደረገ። ችግሩን የሚፈልገው ሰው ዲስኩን ይመረምር ነበር፤ ዲስኩ ግን ደኅና ነበር። ኔትዎርክ ደካማ በሆነበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ብዙ መግለጫዎች ግን በአንድ መስመር ያልፉታል።

ሊኑክስ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2019 አይኦ ዩሪንግ የሚባል አዲስ መሣሪያ አወጣ። ይኸውም የሁለተኛው ወፍጮ ቤት ዓይነት ነው፤ ለፋይልም ጭምር «አልቋል» ይላል። ሊብዩቪ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 1.45 እትም አንዳንድ የፋይል ሥራዎችን በዚህ በኩል አሳልፎ ነበር፤ በኋላ ግን የደኅንነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ሰው ፈልጎ ካላዘዘው በቀር እንዳይሠራ ተደረገ። ስለዚህ አራቱ ሠራተኞች ዛሬም ከሥራ አልወጡም።

ሊብዩቪ ለኖድ ቢወለድም በኖድ ብቻ አልቀረም። ጁሊያ የተባለው የስሌት ቋንቋ፣ ኒዮቪም የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ፣ ፓይተንን በዚሁ ዙር ላይ የሚያስኬደው ዩቪሉፕ ሁሉም በሱ ይሠራሉ። የኢንተርኔት ስሞችን ወደ ቁጥር ከሚመልሱት ሰርቨሮች መካከል ስመ ጥር የሆነው ባይንድም እ.ኤ.አ. ከ2020 ዓ.ም. ከ9.16 እትም ጀምሮ ይጠቀምበታል።

በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

የምንመደብበት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ላይኖረው ይችላል፤ ቢኖረውም መብራት ላይኖር ይችላል። ይህን ትምህርት ግን ያለ ኮምፒዩተር መስጠት ይቻላል፤ እንዲያውም በእኔ አስተያየት ያለ ኮምፒዩተር ይሻላል፤ ልጁ የሚጠብቀውንና የሚሠራውን ለይቶ በዓይኑ ያያልና።

አንድ ተማሪ ከፊት ይቁም፤ እሱ ዙሩ ነው። አራት ተማሪዎች ከኋላ ይቀመጡ፤ እነሱ የፋይል ሠራተኞች ናቸው። በመስኮት በኩል አንድ ልጅ ይቁምና ኢፖል ይባል። አሥር ልጆች ደጅ ይውጡ፤ እነሱ ከሩቅ መልስ የሚያመጡ ናቸው። ዙሩ ለእያንዳንዱ የደጅ ልጅ አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ይልካል፤ በወረቀቱ ጀርባ መልሱ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ይጻፋል። ያ ኮልባክ ነው። መልስ ያዘጋጀ ልጅ እጁን ያወጣል፤ ኢፖል ስሙን ይጠራል፤ ዙሩ ሄዶ ወረቀቱን ይቀበልና በጀርባው የተጻፈውን ይፈጽማል። ልጆቹ በዚህ ጊዜ አሥር ሰው አንድ ሰው ብቻ ሲያስተናግደው ያያሉ፤ ማንም አይጨናነቅም።

ቀጥሎ ከወረቀቶቹ በአንዱ ጀርባ ላይ «4,873ን በ2,659 አባዛ» ብላችሁ ጻፉ። ዙሩ እሱን ሲያባዛ ደጅ ያሉት እጃቸውን እንዳወጡ ይቀራሉ፤ ኢፖል ስም እየጠራ ሰሚ ያጣል። ክፍሉ ይሥቃል። እዚያ ላይ አቁማችሁ «ቆሞ የቀረው ማነው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ራሳቸው ያገኙታል፤ ቶሎ ብላችሁ አትንገሯቸው።

ለሦስተኛው ጊዜ አምስት የፋይል ወረቀት ስጡ፤ እያንዳንዱ «በልብህ እስከ ስልሳ ቁጠር» የሚል። አራቱ ሠራተኞች ይቆጥራሉ፤ አምስተኛው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ዙሩ ግን በዚህ ጊዜ አልቆመምና የደጅ መልሶችን ይቀበላል፤ ይህን ልጆቹ ከማባዛቱ ጋር እንዲያነጻጽሩት አድርጉ። ከዚያ አንድ ወረቀት ስትሰጡ በጆሮው «ስምህን ስጠራ ብቻ አቁም» በሉትና አትጥሩት፤ ሳያልቅ የተንጠለጠለ የፋይል ሥራ እሱ ነው። ሦስት ሠራተኞች ቀሩ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውንም እንዲሁ አድርጉ። አሁን የመጨረሻው ቀላል ወረቀት፣ «እስከ ሦስት ቁጠር» ብቻ የሚለው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታያል። የት እንደተያዘ ልጆቹ ጣታቸውን ቀስረው ያሳዩዋችሁ።

ጊዜው ከአንድ ክፍለ ጊዜ አያልፍም፤ ቁራጭ ወረቀትና ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ይበቃል።